የበዓል በግ፣ ጨውና አጎዛ፦ ባለፀጉር ቆዳ ለሚጀምሩ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ባለፀጉር ቆዳ ነው። በሰሜን አሜሪካና በሳይቤሪያ ወጥመድ ዘርግተው ፀጉራም አውሬ እየያዙ ቆዳውን የሚሸጡ ሰዎችን በተንቀሳቃሽ ምስል ያያችሁ ወጣቶች ትኖራላችሁ። ሥራው ረጅም ታሪክ አለው። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1670 ሲቋቋም ዋና ንግዱ የቢቨር ቆዳ ነበር፤ የአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ያንን ፀጉር ሲሻሙ እንስሳው ከብዙ ወንዞች ጠፋ። ከዚያ ምስል ተነስቶ «እኔስ እዚህ አቃቂ ሆኜ ብጀምር ከየት ልጀምር?» ብሎ የሚያስብ ካለ፣ መልሱ ወጥመድ ውስጥ እንደሌለ ከወዲሁ ልናገር። በእኛ አገር የባለፀጉር ቆዳ ሥራ የሚጀመረው በበዓል በግ፣ በአንድ ቢላዋና በጥቂት ኪሎ ጨው ነው።

ለምን ወጥመድ አይሆንም? አንደኛው ምክንያት ተፈጥሮ ነው። ውርጭ ባለበት አገር የሚኖር አውሬ ከረጅሙ ፀጉር ሥር ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ የውስጥ ፀጉር ያበቅላል፤ ገበያው የሚከፍለው ለዚያ ነው። ማታ ማታ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚዞረው ጅብ ወይም ቀበሮ እንዲህ ያለ ፀጉር የለውም። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ሕግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል፤ የዱር እንስሳ ውጤት ይዞ መገኘትና መነገድም ያስቀጣል። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቀብላለች።

ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልመጣም። አያቶቻችን የነብር ለምድ፣ የአንበሳ ጎፈር የሚለብሱት ለጀግና ክብር ነበር። በኋላ ግን የውጭ ፋሽን ገባበት። የጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ረጅም ፀጉር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ተፈላጊ ሲሆን እንስሳው ከየጫካው ተለቀመ፤ ቆዳው እየተሰፋ ምንጣፍ ሆኖም ለጎብኚ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ነጠብጣብ ያለው ካፖርት ፋሽን ሆነና የነብር ቆዳ ከምሥራቅ አፍሪካ በገፍ ወጣ። ጉሬዛ በዓመት አንድ ልጅ እንኳ ለመውለድ የሚቸገር እንስሳ ነው። በግ ግን እኛው ያረባነው፣ ለሥጋው ስንል የምናርደው፣ ቆዳው በእጃችን የሚቀር እንስሳ ነው። ያንን ቆዳ ጥለን ወደ ጫካ የምናይበት ምክንያት አይታየኝም።

መጣሉንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድሮ የፋሲካ ወይም የአረፋ ዕለት ቆዳ የሚገዙ ሰዎች በየበሩ እየዞሩ ይጣሩ ነበር፤ ቆዳው ተሸጦ ለቤቱ ልጆች የሆነ ነገር ይገዛበት ነበር። በቅርብ ዓመታት ዋጋው ከመውረዱ የተነሳ በበዓል ማግስት ቆዳ በቱቦ ውስጥና በቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ ገበያውን ወሯል፣ ፋብሪካዎቻችን ኬሚካል ማስገቢያ የውጭ ምንዛሪ ያጥራቸዋል፣ የሚቀርበው ቆዳም ጥራቱ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይሄድ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጥሎ ነበር። ዓላማው ቆዳው እዚሁ ጫማና ጓንት ሆኖ እንዲወጣ ነበር። የዚያን ፖሊሲ ውጤት መመዘን የሌላ ዝግጅት ጉዳይ ነው። እኛ ዛሬ የምናየው ከእነዚህ ምክንያቶች በእያንዳንዳችን እጅ ያለውን አንዱን፣ ማለትም ጥራቱን ነው።

የደጋ በጋችን ቆዳ እንዲህ የሚጣል አይደለም። ፀጉሩ አጭርና ቀጥ ያለው የኢትዮጵያ በግ ቆዳው ቀጭን፣ ጠንካራና የሚለጠጥ ስለሆነ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ የጎልፍ ተጫዋቾች ጓንት የሚሠራበት ቆዳ አንዱ እሱ ነው። የፍየል ቆዳም በወሎዋ ከተማ ስም «ባቲ» እየተባለ ይጠራል። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ደግሞ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሎ የቆየው የማሠልጠኛና የምርምር ተቋም አለ። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በኋላም በሕንድ ቼናይ ከሚገኘው ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር ተጣምሮ ሠርቷል። ከደብረ ዘይት መንገድ ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ ሰዎች ቆዳ ሲጥሉ ማየት የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ስለ ሥራው ክብርም አንድ ቃል ልበል። ቆዳ የሚያለፋ ሰው በአገራችን «ፋቂ» ተብሎ ሲሰደብ፣ በጋብቻና በማኅበር ሲገለል ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ያ ንቀት ከአንዳንዱ ቤት ጨርሶ አልወጣም። ልጁ የበግ ቆዳ ሲፍቅ አይቶ የሚያፍር አባት ካለ፣ በቤተ መጻሕፍታችንና በገዳማቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት ሁሉ በቆዳ ፋቂ እጅ ያለፉ መሆናቸውን ያስብ።

እንዲያውም ብራና ለዛሬው ትምህርት ጥሩ መግቢያ ነው። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ነው። የተጻፉት በፍየል ቆዳ ነው። ብራና ደግሞ ያልለፋ ቆዳ ነው፤ ፀጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ተወጥሮ የደረቀ ብቻ ነው። ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ያቆየው ዋናው ነገር ውሃው መውጣቱና ተመልሶ አለመግባቱ ነው። ትኩስ ቆዳ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ባክቴሪያ የሚራባው በዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ጨው ብንነሰንስም፣ በጥላ ብናደርቅም፣ የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ባክቴሪያው ከመነሳቱ በፊት ውሃውን መውሰድ።

ስለዚህ ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ነው። በጉ ከታረደ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት ወሳኝ ናቸው፤ በእነዚያ ሰዓታት የተበላሸውን የትኛውም ፋብሪካ፣ የትኛውም ኬሚካል አይመልሰውም። በበዓል ቀን የሚሆነውን ግን እናውቀዋለን። በጉ ጠዋት ይታረዳል፤ ቆዳው ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ይወረወራል፤ ሥጋው ይከተፋል፣ ጥብሱ ይቀርባል፣ እንግዳ ይመጣል። ማታ ላይ ቆዳው ሲታሰብ ከውስጥ ሞቆ፣ ሽታው ተለውጧል። በማግስቱ ፀጉሩን ቆንጠጥ አድርጎ መሳብ በቂ ነው፤ ከነሥሩ በቀላሉ ከወጣ ቆዳው ሞቷል። ከነፀጉሩ ለሚለፋው ቆዳ፣ ለአጎዛ፣ የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ከመግዛት እንጀምራለን።

በአቃቂ የከብት ገበያ በግ ስንመርጥ ሁላችንም ላትና ጀርባ እንዳብሳለን። አጎዛ የሚያስብ ሰው ፀጉሩንም ይመርምር። ከመንዝና ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚመጣው በግ ፀጉሩ ረዘም ያለና ሱፍ መሰል ነው፤ ያ ነው ለመቀመጫና ለአልጋ የሚሆነው። አጭርና ቀጥ ያለ ፀጉር ያለው በግ ግን ለጓንት ቆዳ እንጂ ለአጎዛ አይመረጥም። ፀጉሩን በሁለት እጅ ከፈል አድርጋችሁ ቆዳውን እዩ። ደም የሚመጥጡ ነፍሳት፣ ቅማል፣ ቁስል፣ በእሾህ የተቧጨረ ቦታ ካለ ይታያችኋል። እነዚህ ነፍሳት የሚያመጡት ጉዳት በፋብሪካ ቋንቋም በራሳችን ቃል «እከክ» ይባላል፤ ፀጉሩ ሲነሳ በቆዳው ፊት ላይ ትንንሽ እብጠትና ጠባሳ ሆኖ ይወጣል፣ የጓንቱንም ዋጋ ይጥላል። ለብዙ ሺህ ሌጦ ደረጃ መውረድ ምክንያቱ ይኸው እከክ ነው።

እዚህ ላይ ለአጎዛ ሠሪ ጥሩ ዜና አለ። የፋብሪካው ገዢ የሚመለከተው የቆዳውን ፊት ነው። በአጎዛ ላይ ፊቱ በፀጉር ተሸፍኖ ይቀራል። ቀለል ያለ እከክ የነካው፣ ለጓንት ውድቅ የተባለ ሌጦ፣ ፀጉሩ ጤነኛ ከሆነና ካልተቀደደ ደህና አጎዛ ሊሆን ይችላል። በጓንት ገበያ ዋጋ ያጣ ቆዳ በሌላ መንገድ ዋጋ የሚያገኝበት አንዱ ቀዳዳ ይህ ይመስለኛል።

[አጭር ሙዚቃ]

አገፋፈፉ ላይ ደርሰናል። በጉን ከማረድ በፊት ለአንድ ሌሊት መኖ ከልክሉት፤ ውሃ ግን አትከልክሉት። ውሃ የጠጣ እንስሳ ቆዳው በቀላሉ ይለቃል። እርዱ በንጹሕ ቦታ ይሁን፣ ደሙም በደንብ ይፍሰስ፤ በቆዳው ሥር የቀረ ደም ቶሎ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋለኛ እግሮቹ ስቀሉት። መሬት ላይ የሚገፈፍ በግ ቆዳው አፈርና ፈርስ ይነካዋል፣ እጅም አይመችም።

ቢላዋ የሚያስፈልገው ለመክፈት ብቻ ነው። ከአንገቱ ሥር እስከ ብልቱ ድረስ በሆዱ መካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ክፈቱ፤ ከእያንዳንዱ እግር የውስጥ ጎን ወደዚያ መስመር የሚገናኝ ሌላ መስመር ክፈቱ። ስለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ አድርጉት፤ ወደ ሥጋው ከዞረ ሆዱን ይቀድዳል። መስመሮቹ ከተከፈቱ በኋላ ቢላዋው ይቀመጥ። የቀረው ሥራ የጡጫ ነው። አንድ እጅ ቆዳውን ወደ ውጭ ይስባል፣ ሌላው እጅ ተጨብጦ በቆዳውና በሥጋው መካከል ይገፋል። በጎኑና በጀርባው ላይ ቆዳው ራሱ ይለቃል። ቢላዋ የሚመለሰው ጡጫ በማይገባበት በእግር ጫፍና በአንገት አካባቢ ብቻ ነው። በቤታችን የሚገፈፈው ቆዳ ቀዳዳ የሚበዛበት፣ ችኮላ ባለበት ሰዓት ሁሉም ነገር በቢላዋ ስለሚሠራ ነው። ከውስጥ በኩል እስከ ግማሽ ድረስ የተቆረጠ ቆዳ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ሲለፋና ሲወጠር ግን እዚያው ላይ ይተረተራል።

ወጥቶ ሲያበቃ በጥላ ስፍራ በንጹሕ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ላይ ሥጋው ወደ ላይ ሆኖ ተዘርግቶ ሙቀቱ ይውጣ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የተንጠለጠለ ሥጋና ሞራ ካለ ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ በሞራ ላይ የተነሰነሰ ጨው ወደ ቆዳው አይደርስም። ደምና ፈርስ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃ አጥቡትና ውሃው ይንጠፍጠፍ።

ከዚያ ጨው። ቆዳውን መዝኑ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ400 እስከ 500 ግራም ጨው ያስፈልጋል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን የበግ ቆዳ እስከ አንድ ኪሎ ጨው ማለት ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው ጨው ከሁሉ ይሻላል፤ ዱቄት የሆነው ቶሎ ይቀልጥና ይፈስሳል፣ ትልልቅ ድንጋዩ ደግሞ ቦታ እየዘለለ ይቀመጣል። ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ በእጃችሁ እያሻችሁ አዳርሱት። ጠርዙ፣ አንገቱ፣ እግሮቹ፣ የጭራው ሥር ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ብልሽት የሚጀምረውም ከእነሱ ነው። የተጠቀለለ ጠርዝ ካለ ዘርጉት። አንድ ጣት የምታህል ጨው ያልነካት ቦታ ካለች ፀጉር የሚረግፈው በዚያች በኩል ነው።

ጨው የጠጣው ቆዳ ውሃ ይለቃል። ስለዚህ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይቀመጥ፤ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በባልዲ ተቀበሉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የረጠበውን ጨው አራግፋችሁ አዲስ ጨው ጨምሩ። ዝንብ እንዳይወርድበት በስስ ጨርቅ ይሸፈን። ብዙ ቆዳ ካላችሁ ሥጋ በሥጋ፣ ፀጉር በፀጉር እየገጠማችሁ መደራረብ ይቻላል። በእንዲህ ሁኔታ የተያዘ ሌጦ በቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ቦታ ለሳምንታት ይቆያል።

ፀሐይ ላይ መስቀል የሚለውን ልማድ ግን ተዉት። በቀትር ፀሐይ የተወጠረ ቆዳ ከላይ ቶሎ ደርቆ ይጠነክራል፣ ከውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ውጪው እንደ ሰሌዳ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። በጨው ፋንታ ማድረቅ ከፈለጋችሁም በጥላና በነፋስ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ወደ ማልፋቱ ከማለፋችን በፊት፣ በዚህ ዝግጅት ከምናገረው ሁሉ አብልጣችሁ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ራሱ የሞተ እንስሳ አትግፈፉ። «ሥጋውስ ይቅር፣ ቆዳውን እንኳ ላትርፍ» የሚለው ሐሳብ ሰው ገድሏል። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ በግን፣ ፍየልንና ከብትን ድንገት ይገድላል። ብዙውን ጊዜ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ሆዱ ቶሎ ይነፋል፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሊፈስስ ይችላል። በደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ እንስሳውን መክፈት ማለት ያንን ዘር በግቢያችሁ መዝራት ነው።

ዘሩ ምን ያህል እንደሚቆይ ልንገራችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የእንግሊዝ ጦር በስኮትላንድ ግሩይናርድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ በአባ ሰንጋ ሙከራ አደረገ። ደሴቷ በኬሚካል ታጥባ ለሰው ደህና ናት የተባለችው በ1990 ነው። ቆዳ ላይም ዘሩ ይቆያል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ውስጥ ከውጭ በመጣ የእንስሳ ቆዳ ከበሮ ይሠራ የነበረ ሰው የአባ ሰንጋን ዘር በትንፋሹ ስቦ ሞቷል። ቆዳውን ሲፍቀው አቧራው ወደ ሳንባው ገብቶ ነው።

ድንገት የሞተ እንስሳ ካያችሁ አትንኩት፣ ውሻ እንዳይነካው ጠብቁት፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ቆዳ ስትፍቁ ጓንት አድርጉ፤ ደረቅ ቆዳ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በእጅ ወይም በፊት ላይ የማያምም ቁስል ወጥቶ መካከሉ ጥቁር ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ቆዳ እንደነካችሁ ተናገሩ። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

አሁን ማልፋት። አገር ቤት አጎዛ የሚለፋው በእርጎ፣ በተልባ፣ በቅቤ እየታሸ፣ በእግር እየተረገጠ ነው። ፀጉሩ የሚነሳ ቁርበት ከሆነ በቁልቋል ወተትና በእምቧይ ፍሬ ይሠሩት ነበር። ፋብሪካው ደግሞ አብዛኛውን ቆዳ ክሮም በሚባል ኬሚካል ያለፋል። ክሮምን ለቤት አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ለጀማሪ የሚስማማው በዱሮ ጊዜ የአውሮፓ ጓንት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የአሉም ዘዴ ነው። አሉም በገበያችን ሸብ ይባላል፤ ነጭ የብርጭቆ ድንጋይ ይመስላል።

ጨው የያዘውን ቆዳ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ውሃውን እየቀያየራችሁ ጨው እስኪለቅቅ፣ ቆዳውም ወደ ልስላሴው እስኪመለስ ድረስ። ፀጉሩን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በክብ ግንድ ላይ አስቀምጣችሁ የሥጋውን ወገን ስለቱ በደነዘዘ ቢላዋ ፋቁት። የሥጋውን ወገን የሸፈነው ስስ ነጭ ሽፋን ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ቆዳ ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁ አይግረማችሁ።

የተፈጨ ሁለት እጅ አሉም፣ አንድ እጅ ጨው፣ ከስንዴ ዱቄትና ከለብ ያለ ውሃ ጋር ለውሳችሁ እንደ ወፍራም የገንፎ ሊጥ አድርጉት። በሥጋው ወገን ላይ ቀቡት፤ ጠርዙን አትርሱ። ቆዳውን አጥፋችሁ፣ ሥጋ በሥጋ ላይ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት። በማግስቱ ሊጡን ፋቁና አዲስ ቀቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። መድረሱን ለማወቅ ወፍራም ከሆነው ከአንገቱ በኩል ትንሽ ቁረጡና ቁርጡን እዩ፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ከሆነ ገብቷል፣ መካከሉ ገና እንደ ጥሬ ሥጋ ካንጸባረቀ አንድ ቀን ጨምሩ።

ከዚያ በጥላ ይንጠልጠል። ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ግን አትጠብቁ፤ ብልሃቱ እዚህ ነው። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣበት፣ ገና እርጥበት ያለበት ሰዓት ሲደርስ ቆዳውን በሳንቃ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ መጎተት፣ በእጅ መወጠር፣ ማሸት ይጀመራል። በዚህ ሰዓት የቆዳው ክሮች እርስ በርስ ከመጣበቃቸው በፊት ይለያያሉ። ሳይታሽ ቀርቶ ከደረቀ እንደ ካርቶን ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነባችሁ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳችሁ እንደገና ጀምሩ። በማሻሸቱ መሐል የእንቁላል አስኳል ከጥቂት ዘይት ጋር ተመትቶ ቢቀባ ልስላሴው ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ፀጉሩን በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ አበጥሩ፣ የሥጋውን ወገን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ።

ለሚገዛችሁ ሰው እውነቱን ንገሩት፤ በአሉም የለፋ አጎዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አይታጠብም። አሉሙ በውሃ ይለቅቃል፣ ቆዳውም ወደ ድርቀቱ ይመለሳል። ፀጉሩ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በነፋስ ይሰጣል።

ስለ ክሮም እመጣለሁ ያልኩት በአቃቂ ወንዝ ምክንያት ነው። ይህ ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮምና ጨው ለወንዙ ብክለት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ናቸው፤ በዚያው ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ እኛው እንበላዋለን። በቤት የሚሠራ ሰው ትንሽ ነው ብሎ በዚህ ላይ አይጨምር። ከቆዳው የወጣውን ጨዋማ ውሃ በአትክልት ላይ አትድፉት፤ ጨው መሬቱን ያመክነዋል። ወደ ወንዙም አትልቀቁት። በሰፊ ሳህን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ውሃው ይተንናል፣ የቀረው ጨው ተሰብስቦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል። የተፋቀው ሥጋና ሞራ በጥልቀት ይቀበር፤ ላይ ላይ ከቀረ ጅብ ወደ ሰፈር ይጠራል።

ቆዳ ገዝቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ደግሞ የጥሬ ቆዳና ሌጦ ግብይትን የሚመለከት አዋጅ፣ ቁጥር 814/2006፣ እንዳለ ይወቅ፤ ንግዱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለ ፈቃዱ በክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የራሳችሁን በግ ቆዳ ለቤታችሁ አጎዛ ለማድረግ ግን ጨው፣ አሉምና ትዕግሥት ይበቃችኋል። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች ለመጪው በዓል ተነጋግራችሁ አንድ ሰው ጨውና ባልዲ ይዞ ከጠዋቱ ጀምሮ የሦስቱንም ቆዳ እንዲቀበል ብታደርጉ፣ ሥጋው በሚከተፍበት ሰዓት ቆዳው ጥግ ላይ አይረሳም። ያ ሰው ጥብሱ ሲቀርብ ትንሽ ይዘገያል፤ ድርሻውን አስቀምጡለት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የፍየል ቆዳ እንዴት ብራና እንደሚሆን፣ አወጣጠሩንና አፋፋቁን እናያለን።